መሪው ማን ይሁን? ስለ መሪ ውሾች፣ ስለ መሪ ልጆችና ስለ ጎንደር

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ ጋር የተያያዘ፣ ግን እንቅልፍ የማያስመጣ ርዕስ ምረጪ» ብለውኝ ነበር። ስለ ውሻ እናገራለሁ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ «ስለ እብድ ውሻ ነው?» አለኝ። የጎንደር ሐኪም ስለ ውሻ አወራለሁ ካለች ሌላ ምን ሊታሰብ ይችላል! እውነቱን ነው፣ ስለ እሱም አነሣለሁ። ዋናው ጉዳዬ ግን ሰው የሚረዳ ውሻ ነው፤ ዓይነ ስውር የሚመራ፣ መስማት ለተሳነው በር መንኳኳቱን የሚነግር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ የወደቀበትን ዕቃ የሚያነሣ ውሻ። ይህ ነገር ለእኛ አገር ይሆናል ወይ? የሚሆን ከሆነስ ከየት ይጀመራል? የዛሬው ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ከምናውቀው ልጀምር። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሠራን ሁሉ አይተነዋል። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ ወይም ከጃናሞራ ተነሥቶ የሚመጣ ዓይነ ስውር ታካሚ ብቻውን አይመጣም። ዱላ አለች። የዱላዋን አንድ ጫፍ ታካሚው ይይዛል፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ልጁ ከፊት፣ አያቱ ከኋላ። ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ፣ መድኃኒት ቤት፣ የሁሉንም በር የሚያንኳኳው ልጁ ነው። እኛ የሕመሙን ታሪክ እንጠይቃለን፣ እንመረምራለን፣ መድኃኒት እናዛለን። ስለ ልጁ በካርዱ ላይ የሚጽፍ የለም።

የደም ግፊት ክትትል የነበራቸው አንድ አባት አይረሱኝም። ዓይናቸውን ትራኮማ ነው የወሰደባቸው፤ ብሌናቸው ነጭ ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል። ሁልጊዜ ይዟቸው የሚመጣው የልጃቸው ልጅ ነው። አንድ ቀን «አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ?» አልሁት። «ሁለተኛ ነበርሁ» አለኝ። አያትየው ሰምተው «ምን ላድርግ ልጄ፣ እኔ ዓይን የለኝ፣ እሱ ትምህርት የለው፤ ተካፍለነዋል» አሉኝ።

አንድ ዓይን የጠፋበት ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ነው መንገድ ያጣው ማለት ነው። ወደ ውሻ ርዕስ ያመጣኝ ይህ ልጅ ነው።

ሰው ውሻን በትምህርት ቤት ደረጃ ለመሪነት ማሠልጠን የጀመረው በጦርነት ምክንያት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የጀርመን ወታደሮች በፍንጣሪና በመርዝ ጋዝ ዓይናቸውን አጡ። ዶክተር ጌርሃርድ ሽታሊንግ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1916 በኦልደንቡርግ ከተማ የመጀመሪያውን የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት ከፈተ። ሐኪሙ በሆስፒታል ግቢ ከአንድ ዓይነ ስውር ወታደር ጋር ሲንሸራሸር በድንገት ተጠርቶ ሄደ፣ ውሻውን እዚያው ትቶለት ነበርና ሲመለስ ውሻው ታካሚውን ሲጠብቀው አገኘ፣ ሐሳቡም ከዚያ መጣለት ይባላል። እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከታካሚው አጠገብ የሚሆነውን ሳናይ እንሄዳለን፤ እሱ ዞሮ አየ።

ነገሩ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሻገረው በመጽሔት ነው። ዶሮቲ ዩስቲስ የምትባል በስዊዘርላንድ ውሻ የምታሠለጥን አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ጀርመኖቹ ትምህርት ቤት ጻፈች። ጽሑፉ በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ለሚኖር ሞሪስ ፍራንክ ለሚባል ዓይነ ስውር ወጣት ተነበበለት። ልብ በሉ፣ ይህ ወጣት እስከዚያ ድረስ ቀጥሮት የሚመራው ልጅ ነበረው። ልጁ ይሰለቻል፤ አንዳንዴም ትቶት ይሄዳል። ልጅ ነዋ! ፍራንክ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ ቡዲ ከምትባል ውሻ ጋር ሠለጠነ። በ1928 ኒውዮርክ ሲደርስ መኪና የሚተራመስበትን ሰፊ መንገድ በጋዜጠኞች ፊት ከእሷ ጋር ተሻገረ። በዓመቱ፣ በ1929፣ ከዩስቲስ ጋር ሆኖ የአሜሪካውን ትምህርት ቤት መሠረተ። በአህጉራችን ደግሞ የደቡብ አፍሪካው የመሪ ውሾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1953 በግላዲስ ኢቫንስ ተቋቋመ። የእኛ የጤና ኮሌጅ በ1954 ነው የተከፈተው፤ የአንድ ዘመን እኩዮች ነን ማለት ነው።

እስቲ አሁን ውሻው እንዴት እንደሚሠለጥን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን የምንገምተው ከእውነቱ ይርቃልና። ቡችላው ከተመረጠ ዘር ይወለዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨር ወይም የጀርመን እረኛ ውሻ ነው። ከእናቱ ከተለየ በኋላ አንድ ዓመት ገደማ በፈቃደኛ ቤተሰብ ቤት ያድጋል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ትምህርቱ ዓለምን መልመድ ነው፦ ገበያ፣ አውቶቡስ፣ ደረጃ፣ የሕፃን ጩኸት፣ ሌላ ውሻ፣ የሥጋ ሽታ። ከዚያ ወደ ማሠልጠኛው ይመለስና ለወራት ከባለሙያ ጋር ይሠራል። ጀርባው ላይ ጠንካራ እጀታ ያለው መታጠቂያ ይደረግለታል፤ ዓይነ ስውሩ የውሻውን እያንዳንዱን እርምጃ በእጁ የሚያነብበው በዚያ እጀታ ነው። ውሻው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ መቆም ይማራል፤ ጉድጓድ መዞር ይማራል። ራሱ በሥሩ በቀላሉ የሚያልፈውን፣ ሰውየውን ግን ግንባሩን የሚመታውን የዛፍ ቅርንጫፍ ጭምር ዞሮ ማለፍ ይማራል። ለራሱ ቁመት ሳይሆን ለሌላ ሰው ቁመት ማሰብ ማለት ነው። ይህን የማንችል ስንት ሰዎች አለን!

ከሁሉ የሚደንቀው ግን አለመታዘዝን መማሩ ነው። ባለቤቱ «ሂድ» ቢለውም መኪና እየመጣ ከሆነ አይሄድም፤ ቆሞ ይጠብቃል። አሠልጣኞች ይህን የመጨረሻው ከባድ ትምህርት ይሉታል። መታዘዝን ማንኛውም ውሻ ይለምዳል፤ ለሚወደው ሰው ሲል እንቢ ማለትን የሚለምደው ጥቂቱ ነው። ስለዚህም ሥልጠናውን ከሚጀምሩት ውሾች ብዙዎቹ አይጨርሱም። ከጨረሱት ጋር ሰውየው ራሱ ሳምንታት ይሠለጥናል፤ አረማመዱ፣ ፍጥነቱ፣ ጠባዩ ከውሻው ጋር ይጣጣም እንደሆነ ይታያል። ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል አብረው ይሠራሉ፤ ውሻው ሲያረጅም ጡረታ ይወጣል።

ሌላም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ውሻው መንገድ አያውቅም። ለአጭር ሥልጠና ጀርመን አገር በነበርሁበት ጊዜ በሆስፒታል ኮሪደር መሪ ውሻዋ ከወንበሯ ሥር ተኝቶ ተራዋን የምትጠብቅ ሴት አገኘሁ። «ወደዚህ እንዴት አመጣሽ?» ብዬ ብጠይቃት ሳቀች። «እሱ አላመጣኝም፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሆስፒታሉ የት እንዳለ የማውቀው እኔ፤ መሬቱ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ» አለችኝ። ማለትም መሪ ውሻ ከመቀበሉ በፊት ዓይነ ስውሩ በነጭ በትር ብቻውን መንቀሳቀስ፣ አቅጣጫ መያዝ፣ የመንገድ ድምፅ ማዳመጥ መቻል አለበት። በትሩን ያልለመደ ውሻ አይሰጠውም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሥልጠናው ደግሞ በዱላ አይደለም። በምግብ፣ በማሞገስ፣ በጨዋታ ነው። በዚሁ መንገድ ሌሎችም ይሠለጥናሉ፦ መስማት ለተሳነው የሕፃን ልቅሶ የሚነግር፣ እጁ ለማይታዘዝለት ሰው መብራት የሚያበራ፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሕመሙ ሲነሣበት ጮኾ ሰው የሚጠራ። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ውሻው ያውቃል በሚለው ላይ ሳይንሱ ገና አልተስማማም፤ ሲመጣ ሰው መጥራቱ ግን ራሱ ሕይወት ያድናል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንምጣ። መሪ ውሻ ዛሬ ከኦልደንቡርግ በአውሮፕላን ቢመጣልን ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ምን ይገጥመዋል?

መጀመሪያ የሚገጥሙት የእኛው ውሾች ናቸው። በሌሊት ተረኛ ሆኖ ከማደሪያው ወደ ሆስፒታል የተጓዘ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና የወጡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ጎንደር ዞን በዓመት ከ100,000 ሰዎች ከ2 በላይ የሚሆኑት በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚያዙ ገምተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ውኃ ሲያይ ጉሮሮው የሚታነቅ ታካሚ አጠገብ የቆመ ሐኪም ለዕድሜ ልኩ አይረሳውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ እስከ 99 በመቶ ለሚሆነው መነሻው ውሻ ነው፤ ከሚነከሱትም 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በደጋው መንደር ደግሞ ብዙ ሰው ከጤና ጣቢያ በፊት ወደ ባህል ሐኪምና ወደ ፀበል ይሄዳል። ፀበሉን ማንም አይከለክልም፤ ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ማጠብና ክትባቱን መጀመር ግን አይቆይም። ይህን ለታካሚዎቻችን ደጋግመን እንንገር።

የበሽታው መፍትሔ ይታወቃል። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶውን በየዓመቱ መከተብ ከተቻለ በሽታው ይቋረጣል። ዓለም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በውሻ ምክንያት በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ግብ ይዟል። ይህ ሥራ በአገራችን የማይሞከር አይደለም፤ የባሌንና የስሜንን ቀይ ቀበሮ ለማዳን ሲባል በዙሪያቸው ያሉ የገበሬ ውሾች ይከተባሉ። ባሌ ላይ በሽታው ከውሻ ወደ ቀበሮ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ብዙ ቀበሮ ጨርሷልና። ለቀበሮ የሆነ ክትባት ለደባርቅ ሕፃን እንዴት አይሆንም?

ሁለተኛ መንገዱ ነው። ጎንደር ቁልቁለትና ዳገት ናት። ክዳኑ የወለቀ የውኃ ቦይ፣ እግረኛ መንገድ ላይ የተደረደረ ሸቀጥ፣ በግራም በቀኝም የሚሹለከለክ ባጃጅ፣ የታሰረ አህያ። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ አካል ጉዳተኞች ወደ ሕዝብ አገልግሎት ሕንፃዎች መግባት እንዲችሉ አዝዞ ነበር። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ግን ደረጃውን ቁጠሩ።

ሦስተኛው አስተሳሰባችን ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን ታማኝነቱን እንመሰክርለታለን፤ የደጋው ገበሬም ያለ ውሻ ከጅብና ከቀበሮ በጉን አያሳድርም። መንገድ ላይ ስናገኘው ግን እጃችን ወደ ድንጋይ ይሄዳል። በዚያ ላይ ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይገባም፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ለሶላት ንጽሕና ሲሉ ይጠነቀቃሉ። ይህን ማክበር አለብን፤ መፍትሔም አለው። በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ አንድ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ2008 መሪ ውሻ ላለው ዓይነ ስውር ወጣት ውሻው ከመስገጃው ውጭ የሚያርፍበት ቦታ አዘጋጅቶለታል። እኛም ጫማችንን ደጅ ትተን የምንገባ ሕዝብ ነን፤ ውሻውም ከቅጽሩ በር ውጭ ሊጠብቅ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ምእመናን ክንድ ይሰጣሉ።

አራተኛው ገንዘብ ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። አንድን መሪ ውሻ ከልደት እስከ ሥራ ለማድረስ በአሜሪካ ብዙ አሥር ሺህ ዶላር ይወጣል። በዚያ ገንዘብ እኛ ምን እንደምንሠራ እናንተው አስሉት።

ስለዚህ «ነገ የመሪ ውሾች ማሠልጠኛ እንክፈት» ልላችሁ አልቆምሁም። ጥያቄውን ትንሽ ላዙረው፦ የዚያን ልጅ እጅ ከዱላዋ ላይ ለማላቀቅ ዛሬ ምን ማድረግ እንችላለን?

አንደኛ፣ ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ውሻም ልጅም የሚያስፈልጋቸው አይደሉም፤ የሚያስፈልጋቸው ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነ አሳይቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶው፣ በዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። የትራኮማ ጠባሳ ደግሞ 11.5 በመቶውን ይይዛል። የዓይን ሞራ ከግማሽ ሰዓት በማይበልጥ ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ስለዚህ የትኛውም ክፍል ብንሠራ፣ ልብ ሐኪም እንሁን የማሕፀን ሐኪም፣ በልጅ ተመርቶ የመጣ ታካሚ ስናይ ለግፊቱ መድኃኒት ጽፈን ብቻ አንሸኘው። ዓይኑን በባትሪ እንይ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል እንላከው። አንድ ሪፈር ወረቀት አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሊመልስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዓይናቸው ለማይመለስላቸው በትሩን እናስለምድ። ያዙልኝ ያልኋችሁ ይህችን ነው። ነጭ በትር መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ አጠቃቀሙ ሥልጠና ይፈልጋል፤ ሥልጠናውም ሰውየው በሚኖርበት መንደር፣ በራሱ ቀዬ፣ ከቤቱ እስከ ምንጩ፣ ከምንጩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሆን ይመረጣል። ዩኒቨርሲቲያችን ለዚህ እንግዳ አይደለም። የፊዚዮቴራፒ ትምህርት አለን፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም አለን፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በአካል ጉዳተኝነት ላይ እየተሠራ ነው። እኛም በተማሪነታችን በቡድን ሥልጠና፣ ቲቲፒ በምንለው፣ ጤና ጣቢያ ተልከን ቤት ለቤት እየዞርን መጸዳጃ ቤት ቆጥረናል፣ ውሻም አባርሮናል። በዚያው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «በዚህ ቤት ሰው ለመምራት ሲባል ከትምህርት የቀረ ልጅ አለ?» ካልተቆጠረ ማንም አያየውም።

ሦስተኛ፣ ውሾቹን እንከትብ። ሐኪምና የእንስሳት ሐኪም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ሆነው ሳለ፣ እኛ የተነከሰውን ስናክም እነሱ የነከሰውን ሲመረምሩ፣ በመሐል የምንገናኘው በስብሰባ ላይ ብቻ መሆን የለበትም። ማኅበራችን በየዓመቱ ለመገናኛ በዓል የሚያወጣውን ወጪ ታውቃላችሁ። ከዚያ ላይ ጥቂት ቆንጥረን ለአንድ ቀበሌ፣ ከዚያ ለአንድ ወረዳ የውሻ ክትባት ብናደርገውስ? ከተከተበ ውሻ ጋር ያደገ ልጅ ውሻን ሲያይ ድንጋይ አያነሣም። ድንጋይ በማይወረወርበት ከተማ ደግሞ አንድ ቀን መሪ ውሻ ይራመዳል።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 20 አካል ጉዳተኞች በተቻለ መጠን ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ መሣሪያም ሕያው ድጋፍም ማግኘት እንዲችሉ ይጠይቃል። ሕያው ድጋፍ ሲባል በእኛ አገር እስካሁን የተረዳነው ልጅን ነው። ያለፉት ዓመታት ጦርነት ደግሞ በክልላችን ዓይኑን ያጣውን፣ እግሩን ያጣውን ሰው አብዝቶታል። ሽታሊንግን ያስነሣው እንዲህ ያለ ዘመን ነበር፤ እኛንም ሊያስነሣን ይገባል።

መምህራኖቻችን፣ ያስተማራችሁን በሽታውን ብቻ ሳይሆን የበሽተኛውን ቤትም እንድናይ ነው። ስንወጣ ግን የሥራው ብዛት ዓይናችንን ያጠብበዋል። ነገ ወደየሥራ ቦታችን ስንመለስ አንድ ዓይነ ስውር ታካሚ መምጣቱ አይቀርም። እሱን ከመረመርን በኋላ ዱላዋን ወደያዘው ልጅ ዞር እንበልና ስንተኛ ክፍል እንደሆነ እንጠይቀው። የሚመልስልንን መልስ ካርዱ ላይ እንጻፈው።